የተበየደ የመኪና ቦዲ ከጀርባው እንዳይዝግ፦ የበር ደፍና የኋላ ፓራፋንጎ ሥራ ከመቁረጥ እስከ ሰም መርጨት

የተበየደ የበር ደፍ ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርስ ቀለሙ ሲያብጥ ጥፋቱ በቀቢው ወይም በስቱኮው ይላከካል። እብጠቱን በካቻቢቴ ጫር ቢያደርጉት ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላ ነው፦ ስቱኮው እንዳለ አለ፤ ከስሩ ያለው የብየዳ መስመር ግን የመርፌ ጫፍ በምታስገባ ቀዳዳ ተበልቷል፤ በቀዳዳዋ ዙሪያም ጥቁር ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ያ ዝገት ከውጭ የገባ አይደለም። በደፉ ውስጥ ባለው ባዶና የተዘጋ ሳጥን፣ የማንም እጅና ብሩሽ ባልደረሰበት የብየዳው ጀርባ ላይ ጀምሮ ነው ወደ ፊት የወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ፋብሪካው የለበጠው ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይተንናል፤ ቀለምና ፕራይመር ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድመው ይከስላሉ። ስለዚህ የትኛውም ብየዳ፣ በጎበዝ እጅም ቢሆን፣ ከጀርባው ራቁቱን የቀረና በእሳት ቅርፊት የተሸፈነ የብረት መስመር ጥሎ ያልፋል። ፊቱን እናጸዳለን፣ እንሞርዳለን፣ እንቀባለን። ጀርባው ጭቃና እርጥበት በሚገባበት ሳጥን ውስጥ እንዲሁ ይቀራል። የሚከተለው ሥራ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ከብየዳ በኋላ እዚህ ቦታ በየት በኩል ይደረሳል? ለዚህ መልስ ሳይገኝ መቁረጫ አይነሳም።

ለምሳሌ የያዝነው ቶሎ የሚበሰብሱትን ሁለት ቦታዎች ነው፦ ከበሮቹ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ደፍ እና የኋላ ፓራፋንጎውን የጎማ ቅስት። አሮጌ ኮሮላም ሆነ ቪትዝ ወይም ሃይሩፍ አሠራሩ ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና በደንብ ጠግኖ ማቆየት ከበፊቱ የበለጠ ያዋጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በዚህ መመሪያ አይሠራም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ስር፣ ከደፉ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ የአምራቹን አሠራር በማያውቅ ሰው እዚያ አካባቢ መበየድ የለበትም።

ላሜራና ብየዳ

የውጭ ላሜራ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ ደፍ ከ1.0 እስከ 1.2 ይደርሳል። ከመኪናው ላይ ከተቆረጠ ደህና ቁራጭ ቀለሙን አንስታችሁ በካሊፐር ለኩና በዚያው ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ግዙ። ወፍራም ላሜራ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ግን ወፍራሙን የሚያቀልጠው ሙቀት አጠገቡ ያለውን ቀጭን ላሜራ ይበሳዋል። የቤት ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲበዛ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ መበየጃ ስር ይጠፋል። የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ ለደፍ ይቀርባል። ነዳጅ፣ ቲነር ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በእሳት ወይም በግራይንደር መክፈት ግን ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ባዶ የሚመስለው በርሜል ውስጥ ያለው ትነት ይፈነዳል።

ለአንድ ደፍና ለአንድ የጎማ ቅስት ከላሜራው ሌላ የሚበቃው ይህ ነው፦ 1 ሊትር ኢፖክሲ ፕራይመር ከነማጠንከሪያው፣ 310 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፖሊዩሬታን መገጣጠሚያ ማሸጊያ ሁለት ቱቦ፣ ለብየዳ የሚሆን የዚንክ ስፕሬይ አንድ ቆርቆሮ፣ የሳጥን ውስጥ ሰም 1 ሊትር። ስቱኮ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ሥራው ከአንድ ኪሎ በላይ ስቱኮ ከጠየቀ ስህተቱ ያለው ብየዳው ላይ ነው፤ ወደዚያ ተመለሱ።

የምንመርጠው ብየዳ ሚግ ነው (ማሽኑ ሽቦ እየገፋ በጋዝ ከለላ ስር የሚበይድበት)፤ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦና የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ። 0.8 ሽቦም ይሠራል፤ ከ0.8 ላሜራ ጋር ግን ማሽኑ ዝቅ ብሎ በጸጥታ መሥራት ስለሚያስቸግረው መበሳት ይበዛል። ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው፤ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ሙቀቱም ጠንከር ይላል፤ ለደፍ ያገለግላል፣ ለፓራፋንጎ ያስቸግራል። ያለ ጋዝ የሚሠራው ባለ ዱቄት ሽቦ ቀጭን ላሜራ ላይ ይሞቃል፤ በዚያ ላይ ጥቀርሻው ካልተጠረገ እርጥበት ይይዛል። የተለመደው 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ የሻንሲ እንጂ የቦዲ መሣሪያ አይደለም።

ብዙ ጋራዥ የሚበይደው በኦክስጅንና በካርባይድ ጋዝ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ባትላሜራ በዚህ የሚሠራው መስመር ለስላሳ ነው፤ በመዶሻም በደንብ ይቀጠቀጣል። ችግሩ የሙቀቱ ስፋት ነው። ሚግ ጥቂት ሚሊሜትር የሚያቃጥለውን እሳቱ በርካታ ሴንቲሜትር ያቃጥላል፤ ላሜራው ይንሻፈፋል፤ ሰፊ ጀርባ ራቁቱን ይቀራል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ትንሿን አፍ ተጠቀሙ፤ የኦክስጅኑና የጋዙ ልክ እኩል የሆነ፣ ውስጠኛው ሾጣጣ ጥርት ያለ ነበልባል አድርጉ፤ በየ2 ሴንቲሜትሩ እያሰራችሁና እያቆማችሁ ሂዱ። በነሐስ ከተበየደ የቀረው የዱቄት ቅርፊት በሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ እስኪነሳ መታጠብ አለበት። ያ ቅርፊት ከአየር ላይ ውሃ ስለሚስብ በላዩ የተቀባው ቀለም አይቆይም። የአዳዲስ መኪኖች የበር መሃል ምሰሶና የደፍ ውስጠኛ ማጠናከሪያ ደግሞ በሙቀት ጥንካሬውን የሚያጣ ልዩ ብረት ሊሆን ስለሚችል የጋዝ እሳት አይነካውም።

ከመቁረጥ በፊት

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ኤርባግ ወይም ራሱን የሚወጥር ቀበቶ ካለው ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ የድምፅ መከላከያ ስፖንጅና በደፉ ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ይነሳ። የነዳጅና የፍሬን ቱቦ በየት እንደሚያልፍ እዩ። የኋላ ፓራፋንጎ ከሆነ የነዳጅ መሙያ አንገቱ እዚያው ነው፤ እሱና ታንኩ ወርደው ከግቢው ወጣ ይበሉ። አንዳንድ መኪኖች በምሰሶው ውስጥ የተነፋ አረፋ አላቸው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነ አስቀድሞ ተቆርጦ ይወጣል። የዚንክ ነጭ ጭስም ማታ ላይ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል፤ ማስክ አድርጉ፣ በር ክፈቱ። አንድ ባልዲ ውሃ፣ እሳት ማጥፊያና በተቃራኒው በኩል ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር። ሥራው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል መኪናውን ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ስፖንጅ ውስጥ የገባ ብልጭታ ቆይቶ ይነሳል።

አሁን የዝገቱን ዳርቻ ፈልጉ። ጨርቅ የተጠቀለለበት ማግኔት ላሜራው ላይ ሲሄድ የማይዝበት ቦታ የድሮ ስቱኮ ነው። ያበጠውን ሁሉ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ካቻቢቴው ከገባ ወይም ላሜራው እንደ ካርቶን ከታጠፈ አልቋል። የሚታየው ቀዳዳ ሁለት ጣት ቢሆን የበሰበሰው አንድ ስንዝር መሆኑ የተለመደ ነው። የመቁረጫውን መስመር ውፍረቱ ሙሉ የሆነ፣ ሲፋቅ የሚያበራ ብረት ላይ አስምሩ፤ ከመጨረሻው የዝገት ጠባሳ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር እለፉ። በዝገት የሳሳ ላሜራ ላይ መበየድ ቀዳዳ እያሳደዱ መዋል ነው፤ አንዱን ስትዘጉ አጠገቡ ይከፈታል።

ውሃው ከየት እንደመጣም ሳይታወቅ አይቆረጥ። በደፉ ስር ያሉት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች በጭቃ ወይም በድሮ ካትራሜ ተደፍነው ይሆናል፤ የበሩ ጎማ ተቀዶ፣ የፊት መስታወቱ ስር ቅጠል ተከማችቶ ውሃው ወደ ምሰሶው እየወረደ ይሆናል። ምንጩ ካልተዘጋ አዲሱ ላሜራም የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

የመስመሩ ቦታ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መስመሮች እኩል ደህና ብረት ላይ የሚያርፉ ከሆነ፣ ጀርባው በወለል ታፖ፣ በፋብሪካ ቀዳዳ ወይም በመብራት መክፈቻ በኩል በሰም ቱቦ የሚደረስበትን ምረጡ። አንድም መግቢያ ከሌለ ከደፉ ውስጠኛ ጎን፣ ከምንጣፉ ስር፣ የጎማ ታፖ የሚዘጋው 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከብየዳው በፊት ይበሳ።

መቁረጥና ውስጡን ማከም

ደፍ የመኪናውን ወገብ ከሚይዙት አንዱ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ መሃል ላይ ብቻ ካቆማችሁት ደፉ ሲቆረጥ ቦዲው ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ በሩ አይዘጋም። በአራቱም የመንጠልጠያ ነጥቦች አካባቢ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) አሳርፉ። በሩን ዝጉና በዙሪያው ያለውን ክፍተት ለክታችሁ ጻፉ። በሩ ከወጣ በኋላ በበሩ ክፍት ላይ ከምሰሶ ምሰሶ የብረት ቱቦ በጊዜያዊነት እሰሩ። ሁለቱን ደፎች በአንድ ጊዜ መቁረጥ አይታሰብም።

የፋብሪካው ነጥብ ብየዳዎች ከላይ ያለው ላሜራ ብቻ እስኪላቀቅ በ8 ሚሊሜትር ነጥብ መፍቻ መሰርሰሪያ ይሰረሰራሉ። የተለመደው ሹል መሰርሰሪያ ሁለቱንም ላሜራ በስቶ ያልፋል። ቀሪው በ1 ሚሊሜትር መቁረጫ ዲስክ ይቆረጣል። የቁራጩ ማዕዘን ክብ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን ላይ ሙቀት ይከማቻል፣ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። የወጣውን ቁራጭ አትጣሉ፤ በካርቶን ላይ ቅርጹን አውጥታችሁ አዲሱን ላሜራ በእሱ ቁረጡ።

ሳጥኑ አሁን ተከፍቷል፤ ይህ ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። ጭቃውንና የሚረግፈውን ቅርፊት ጠርጋችሁ፣ በአየር ነፍታችሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ። ብሩሽ ያልደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ በቀረው ዝገት ላይ የፎስፎሪክ አሲድ ዝገት መለወጫ ይቀባል። አሲዱ ተግባሩን ሲጨርስ የተረፈው ካልታጠበና በደንብ ካልደረቀ በላዩ ያለው ኢፖክሲ ይላጣል። ከዚያ ብየዳ ከሚያርፍበት ዳር 2 ሴንቲሜትር ገደማ ተርፎ ውስጡ ሁሉ ኢፖክሲ ይቀባ። የቀረችው ሁለት ሴንቲሜትር ከብየዳ በኋላ በሰም ትሸፈናለች።

ሁለት ላሜራ የሚደራረብበት የደፉ የታች ከንፈር ላይ ደግሞ ፊት ለፊት የሚገናኙት ገጾች እስኪያበሩ ተፈግፍገው በዚንክ ስፕሬይ ስስ ሆነው ይረጩ። ወፍራም ዚንክ ብየዳውን አረፋ ያስነሳዋል፣ ፍንጣሪ ያበዛል። በመድፈኛ ቀዳዳው (ከላይኛው ላሜራ ተበስቶ በኋላ በብየዳ በሚሞላው) ልክ ያለው መሃል ከዚንኩ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ይህ ስፕሬይ በተደረበው መካከል ለሚቀረው ክፍተት ብቻ ነው፤ ውጭ ላይ በኢፖክሲ ምትክ የሚቀቡት አሉ፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ብየዳው

መጀመሪያ ከዚያው ላሜራ በተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ላይ ሞክሩ። ቀጭን ላሜራ ጫፍ ለጫፍ ሲገጣጠም በ0.8 ሚሊሜትር ወደ 30–45 አምፔር መነሻ ይሆናል፤ ጋዙ በደቂቃ ከ8 እስከ 12 ሊትር። ድምፁ እኩል የሚንጣጣ ከሆነ ልኩ መጥቷል። የሚያቆራርጥና እጃችሁን ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ ሽቦው ፈጥኗል፤ ጫፉ ላይ ትልቅ ጠብታ እየሠራ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘግይቷል። ንፋስ ያለበት ቦታ ወይም ቬንትሌተር አጠገብ አትበይዱ። ጋዙ ሲበተን መስመሩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ሲሞረድ ድፍን መስሎ ውሃ ያስገባል።

የማሳውን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ጥርት ባለ ብረት ላይ እሰሩ። ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታና በኮምፒውተር ማሳ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል።

ለሚታየው ፓራፋንጎ ጫፍ ለጫፍ መግጠም ይመረጣል። ክፍተቱ የሽቦው ውፍረት ያህል፣ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። የተደረበ ላሜራ ለመበየድ ይቀላል፤ ከጀርባው ግን ውሃ የሚይዝ ከንፈር ይፈጥራል። እዚያ የተያዘች ጠብታ አየር ስለማያገኛት ሳትደርቅ ትቆያለች፤ ስለዚህ ጠባብ ክፍተት ከገላጣው ብረት ቀድሞ ይዝጋል። መደረብ ግዴታ ከሆነ ከንፈሩ ከጀርባ በማሸጊያ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ይሁን።

ቁራጩን በግሪፕ ፒንሳና በማግኔት አሲዙ፤ በሩን መልሳችሁ ገጥማችሁ ክፍተቱ በጻፋችሁት ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በየ25 ሚሊሜትሩ አንድ ነጥብ፤ አንዱን በቀኝ ጫፍ፣ ቀጣዩን በግራ፣ ቀጣዩን መሃል። ነጥቡ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ነው። ነጥቦቹ እጅ እስኪያስነኩ ሲበርዱ በመካከላቸው ሌላ ነጥብ፣ እንደገና በመካከላቸው፣ መስመሩ እስኪሞላ። የ60 ሴንቲሜትር መስመር እንዲህ ሲሠራ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሲቸኩል በአንድ ትንፋሽ የሚያስኬድ ሰው ላሜራውን ያረግበዋል፤ ያን የረገበውን በስቱኮ ለመሙላት ደግሞ ሌላ ቀን ይወጣል። ነጥቡ ገና ትኩስ እያለ ውሃ አትድፉበት፤ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። በየጊዜው ጥቂት ነጥቦችን ከጀርባ በብረት ደግፋችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ቀጥቅጡ፤ ሲበርድ የተሰበሰበው ብረት መልሶ ይዘረጋል።

ለደፉ የታች ከንፈር የሚሆነው የመድፈኛ ብየዳ ነው። የላይኛው ላሜራ ብቻ ይበሳል፦ ለ0.8 ላሜራ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር፣ ለ1.2 ደግሞ 8 ሚሊሜትር። ርቀቱ ፋብሪካው ከበየደው ጋር ይስተካከል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ላሜራዎች ቀዳዳው አጠገብ በፒንሳ ተጣብቀው መያዝ አለባቸው። አምፔሩን ከጫፍ ለጫፉ ከፍ አድርጉ፤ ሽቦውን በቀዳዳው መሃል በታችኛው ላሜራ ላይ ጀምራችሁ ክብ እየሠራችሁ ወደ ጠርዙ ውጡ። ጠርዝ ላይ የሚጀምር ሰው ቀዳዳውን ይሞላል፣ የታችኛውን ግን አይዝም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ሙከራ ይህ ነው፦ የሙከራውን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስራችሁ የላይኛውን ላሜራ በፒንሳ ቅደዱት። ነጥቡ ከታችኛው ላሜራ ብረት ነቅሎ ቀዳዳ ትቶ ከመጣ ይዟል። እንደ ቁልፍ ተፈናጥሮ ንጹህ ገጽ ከተወ ተለጥፎ ነበር፤ አምፔሩ ይጨመር፣ ሙከራው ይደገም።

መሞረድና በመብራት መፈተሽ

ወፍራሙ የብረት መሞረጃ ድንጋይ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። 60 ወይም 80 ቁጥር ፍላፕ ዲስክ ተጠቀሙ፤ ከብየዳው ጉብታ ወደ አጠገቡ ላሜራ ሳትወጡ። ላሜራው ሰማያዊ ከሆነ ሞቋል፤ 0.8 የነበረው 0.4 ከሆነ ደግሞ ዝገቱ የሚበላው ግማሹን ብቻ ነው። ጥቂት የጎበጠ መስመር መተው ከሳሳ ላሜራ ይሻላል።

ከዚያ ግቢውን አጨልሙ፤ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ከመስመሩ ጀርባ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ። እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ናት፤ በኖራ ክበቧት፣ በአጭር ነጥብ ብየዳ ዝጉ፣ ሞርዱ፣ እንደገና አብሩ። አንዳንዶች በናፍጣ ይፈትሻሉ፤ ናፍጣው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። ቀዳዳን በስቱኮ መሙላት እዚህ ጋ የሚሠራ ትልቁ ማታለል ነው፤ ከላይ ሲበላሽ የሚታየውም ያው መርፌ ቀዳዳ ነው።

ኢፖክሲ፣ ማሸጊያ፣ ስቱኮ

ራቁት ብረት በክረምት የአዲስ አበባ አየር በሰዓታት ውስጥ ቀይ ሽፋን ያወጣል። ስለዚህ ሞርዶ ማደር የለም። በ80 ቁጥር ወረቀት ፈግፍጋችሁ፣ ቅባቱን በማጽጃ ዲሉየንት በሁለት ጨርቅ (አንዱ ያረጥባል፣ ሌላው ሳይደርቅ ይጠርጋል) አንስታችሁ፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ርጩ። በጣት አትንኩት። የኮምፕሬሰሩን ውሃ ጠዋት አፍስሱ። ሁለት እጅ፣ በመካከሉ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10–15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደጋ ላይ ሌሊቱ ከዚያ ስለሚወርድ ጠዋት ረጭቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማሞቅ ይሻላል። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ሁሉ ሳንባ የሚጎዳ አይሶሳይናይት ሊኖረው ይችላል፤ የአቧራ ማስክ አይከለክለውም።

ማሸጊያው ከኢፖክሲው በላይ እንጂ ራቁት ብረት ላይ አይቀመጥም። መገጣጠሚያውን ሁሉ፣ የታች ከንፈሩን ጨምሮ፣ በብሩሽ አስገቡት። ኮምጣጤ የሚሸተው የመስታወት ሲሊከን እዚህ ቦታ የለውም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረቱን ያዝጋል፣ ቀለምም አይዝበትም። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በማሸጊያ እንዳትደፍኑ፤ ይህ ስህተት ቶሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከማሸግ በፊት ቁራጭ እንጨት ሰክታችሁባቸው ኋላ ንቀሉት።

ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ራቁት ብየዳ ላይ ከተቀመጠ እርጥበቱን ብረቱ ላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኢፖክሲ ላይ ከተቀመጠ ብረቱ ከስሩ የተጠበቀ ነው። ብየዳው ላይ የመጀመሪያው ሽፋን ባለ ፋይበር ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃ ያን ያህል አይወስድም። ማጠንከሪያው በክብደት ወደ 2 በመቶ ነው፦ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም። ሲቸኩል በዝቶ የተጨመረ ማጠንከሪያ ከወራት በኋላ በቀለሙ በኩል ቢጫ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይለፍ።

አሁን የብዙ ጋራዥ ልማድ የሆነውን እንንካ፦ ስቱኮን በውሃ ወረቀት መላግ። አቧራ ስለሌለውና ስለሚያለሰልስ ይወደዳል። ግን ክፍት የሆነው ስቱኮ እንደተላገ ውሃውን ይጠጣል፤ በጨርቅ ቢጠረግ ላዩ ብቻ ይደርቃል፣ በማግስቱ ፕራይመር ይቀባበታል። ፀሐይ ሲያሞቀው የታሰረው ውሃ ተንኖ ቀለሙን ያነሳዋል፤ የደረቀ ቦታ ያገኘው ደግሞ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ስቱኮ በደረቅ 80፣ 180፣ ከዚያ 240 ወረቀት ይላግ፤ ማስክ ይደረግ። ውሃ ወረቀት የሚመጣው ስቱኮው በፕራይመር ከተዘጋ በኋላ፣ በ400 እና 600 ነው። ላግ ሲደረግ ብረት ከወጣ እዚያ ቦታ ኢፖክሲ ይመለስ። ከዚህ በኋላ ያለው የቀለም ሥራ እንደማንኛውም ነው።

ሰሙ

ቀለሙ ከጠነከረ በኋላ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ጫፉ ዙሪያውን የሚረጭ ቀጭን ቱቦ እስከ ሳጥኑ መጨረሻ አስገቡና እየረጫችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሰሙ በሞቀ ውሃ ዕቃ ውስጥ ቆይቶ ቢሞቅ ወደ መገጣጠሚያው በደንብ ይገባል። ከማፍሰሻው ሲንጠባጠብ በቂ ነው። በማግስቱ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ፤ በሰም ከተደፈኑ ሥራው ሁሉ ተገልብጧል።

በካትራሜ ወይም በተቃጠለ ዘይት መተካት የተለመደ ነው። ካትራሜ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከስሩ ስለማይታይ ላሜራው በዝምታ ያልቃል። የተቃጠለ ዘይት ጎማዎችንና ቡሺንጎችን ያበላሻል፣ አፈሩንም ይመርዛል፤ ደግሞ ጥቂት ዝናብ ያጥበዋል። ሰምም ሆነ ዘይት የተረጨበት ሳጥን ላይ በኋላ የሚበይድ ሰው እንዲያውቀው ይነገር፤ ሁለቱም ይቃጠላሉ።

በመጀመሪያው ክረምት መጨረሻ፣ በመስከረም፣ ከምንጣፉ ስር ያለውን የጎማ ታፖ ንቀሉና በእጅ ባትሪ ግቡ። ሰሙ እንዳለ ከተያያዘ ዝጉት። ውሃ ቆሞ ካገኛችሁ ማፍሰሻው ተደፍኗል፤ ውሃ ባይኖርም የብየዳው ጀርባ ሰሙ ተነስቶ ከታየ አድርቃችሁ እንደገና ርጩ። ግማሽ ሊትር ይበቃል።